በምን ፈሰክሽ?

ጣልያን ምግብ ቤት ገብቼ የበላሁት በሕይወቴ አንዴ ነው፤ እሱንም ለፋሲካ። ፓስታ እስከ ዛሬ እወዳለሁ፣ ከፓስታ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከዚያ ሜኑ፣ ከዚያ አስተናጋጅ፣ በተለይ ደግሞ «እኔ ጣልያንኛ እችላለሁ» ከሚል ወንድ ጋር ነው።

ሐዋሳ ተማሪዎች ነበርን። ለጠፋ የሻይ ማንኪያ እንኳ ግምገማ የሚጠራበት፣ ሂስና ግለሂስ ያላወረደ ሰው ሰው የማይባልበት ዘመን ነው። ፋሲካ እሁድ፣ ፈተናችን ማክሰኞ። ቤቱ የቀረበ ሁሉ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሄደ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ መንገዱ ብቻ ፈተናዬን ይበላብኛል። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛው ጓደኛዬ ደግሞ ከጣና ዳር የመጣች ናት፤ የእሷማ ጭራሽ አይታሰብም። ከቤቷ ርቃ የምትውለው የመጀመሪያዋ ፋሲካ ነበር።

ይህችን ልጅ ጾመኛዋ እላታለሁ፣ ሌላ ስም አያስፈልጋትም። ግቢ ጉባኤ ከገባች ወዲህ ጾሟ ከመነኩሴ አይተናነስም። ብስኩት ስንሰጣት እንኳ ወረቀቱን ገልብጣ ወተት እንዳለበትና እንደሌለበት ታነብ ነበር። እኔ ወረቀቱን የማነበው ብስኩቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ሦስተኛችን የክፍላችን ልጅ ነው፤ የድሬዳዋ ልጅ፣ አባቱ ጋራዥ ያላቸው። አባቱንና ጋራዡን ሳያነሳ ውሎ ስለማያውቅ ባለጋራዡ እንለው ነበር። እሱ ደግሞ ፈተናውን ሰበብ አድርጎ የቀረው ለጾመኛዋ ብሎ ነው፤ ዓይኑን እሷ ላይ ከጣለ ሰነባብቷል። ፍቅሩን የሚገልጽላት በክርክር ነበር። ሁዳዴውን ሙሉ እኔና እሱ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል እየሄድን ዓሣ ስንበላ፣ እሷ አጠገባችን ተቀምጣ ደረቅ ዳቦ ትገምጣለች።

«ዓሣ ጾም ነው» ይላታል።

«ዓሣ ፍስክ ነው» ትለዋለች።

«ዓሣ ማለት የውሃ ጎመን ነው። ተዘርቶ ሳይሆን ተጠምዶ የሚገኝ አትክልት ነው።»

«ዓይን ያለው ጎመን የት አየህ?»

እኔ በክርክሩ አልገባም። አፌ ሥራ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለስቅለት ዋዜማ ጾመኛዋ ቤቷ ደወለች። እናቷ ስልክ የላቸውም፤ በቀጠሮ ሰዓት ጎረቤት ሄደው ይጠብቃሉ። ስልክ ቤቱ አጠገቧ ቆሜ ስለነበር የእናቷን ድምፅ ሰማሁት። የዚያን ዘመን ስልክ ለጆሮ ሳይሆን ለመንደር ነበር የሚጮኸው።

«ዶሮ ባታገኚ ግድ የለም» አሏት። «ግን ቅቤ የነካው እህል በአፍሽ ሳይገባ እኔም አልፈስክ። በማኪያቶ ፈሰክሁ ብለሽ እንዳትመጭብኝ፣ አውቅሻለሁ። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት እዚሁ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። በምን ፈሰክሽ ብዬ እጠይቅሻለሁ።»

«እማዬ፣ አንቺማ ፈስኪ። ሌሊት ከቅዳሴ ስትመለሽ ፈስኪ።»

«አንቺ ሳትፈስኪ እህል በአፌ አይዞርም አልሁሽ።»

እኚህ ሴት ያሉትን የሚያደርጉ ናቸው። አንድ ዓመት ትልቁ ልጃቸው ለገና ሳይመጣ ቀርቶ፣ እሱ እስኪመጣ ድረስ ወጡን ሳይነኩ ሰንብተዋል። ልጅቷ ደግሞ እናቷን መዋሸት አትችልም፤ ለሌላ ሰውም አትችልም፣ ለእናቷማ በፋሲካ ቀን ጨርሶ። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይህች ልጅ የምትመልሰው ከሌላት፣ ከጣና ዳር አንዲት እናት ዓለም ሁሉ ሲፈስክ ጦማቸውን ይውላሉ።

ይህ ምን ያስቸግራል ትሉ ይሆናል። ምንም አያስቸግርም ነበር፤ ግቢው ለበዓሉ በሬ ጥሎልን ነበር እኮ። ካርድህን ይዘህ ትሰለፋለህ፣ ሥጋ ወጥህን በቅቤው ተቀብለህ ትበላለህ፣ አለቀ። ግን ባለጋራዡ ቅዳሜ ማታ መጣና በሬውን ገመገመው።

«አይቼዋለሁ» አለ። «ጡረታ የወጣ በሬ ነው። ዓመት በዓልን ከሰልፍ ጋር ማሳለፍ ደግሞ ነውር ነው። ነገ ጣልያን ቤት እጋብዛችኋለሁ።»

እኔም ፈዛዛ፣ ጣልያን ቤት የሚለውን ስሰማ ልቤ ተንሳፈፈ። በመሃል ከተማ ሳልፍ ነጭ የጠረጴዛ ልብሱን በመስኮት አይቼው አውቃለሁ። የምግብ ካርዳችንን ጎን ላለው ዶርም ልጆች «ውሰዱ፣ ለእኛ አያስፈልገንም» ብለን ስንሰጥ የነበረን ኩራት አሁን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይሄ ነው። «እጋብዛችኋለሁ» ያለውም «እናዋጣለን» ማለቱ እንደሆነ የገባን ጠዋት ነው፤ ያለንን አራግፈን አንድ ላይ አደረግን።

ጾመኛዋ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ስታስቀድስ አድራ ጎህ ሲቀድ ገባች። አብረዋት ያደሩት ሁሉ ፈስከው ተኙ። እሷ ከንፈሯ ደርቆ «እኔ ከእናንተ ጋር ነው የምፈስከው» ብላ አልጋዋ ላይ ወጣች። ያኔ አንድ እንቁላል እንኳ ቀቅዬ ባበላት ኖሮ ይህን ሁሉ የምናገረው ነገር አይኖረኝም ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ሄድን። በሩ ላይ የመንግሥት ታርጋ ያለው ላንድክሩዘር ቆሟል፤ ለበዓል መስክ የወጣ መሆን አለበት። ውስጥ የመኪናው ሰዎች ረጅሙን ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል፤ አባት፣ እናት፣ አክስት የምትመስል፣ ሕፃናት። አባትየው ወንበራቸው ላይ ለጠጥ ብለው ስለ ሐዋሳ ልማት ለሕፃናቱ ያስረዳሉ። ሕፃናቱ በሹካ ይዋጋሉ።

አስተናጋጁ አንገቱ ላይ ጥቁር ቢራቢሮ የመሰለ ነገር አስሯል። ከላይ እስከ ታች አየንና መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ያለችውን ጠረጴዛ አሳየን። ሜኑውን ሲሰጠን በሁለት ጣቱ ይዞ ነው። ሜኑው ከዳር እስከ ዳር በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ነው፣ አንድ የአማርኛ ቃል የለበትም። እኛም ዋጋው ያለው በቀኝ በኩል ስለሆነ ከቀኝ ወደ ግራ አነበብነው። በቀኝ በኩል አቅማችን የሚፈቅደው ቁጥር ሲገኝ ወደ ግራ ሄደን ስሙን እናያለን። እንደዚያ ሲነበብ ሜኑው በጣም አጭር ሆነ።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ጾመኛዋ።

«ለእኔ ተዉት» አለ ባለጋራዡ። «ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፤ ይሄ ሁሉ ምን ይመስልሻል? ጣልያንኛ ነው። እኔ አፌን የፈታሁት በጣልያንኛ ነው።»

«ባሌስትራ አልራበንም» አልኩት።

አልሰማኝም። ጣቱን ከታች ወደ ላይ ሲያስኬድ ቆየና አንዱ ላይ አቆመ፤ ርካሹ ላይ። ፊቱ በራ።

«ስፓጌቲ አራቢያታ። አያችሁ? አራቢያታ። አረብ። የአረብ አሠራር ማለት ነው። አረብ ደግሞ ምን ይበላል? በግ። እኔ ድሬዳዋ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ አረብን ለእኔ አትንገሩኝ። በጉ በቅቤ ይጠበስና ከላይ ይደረጋል።»

«ይሄን በግ ያለውን በዚህ ዋጋ?» አልኩ።

«ለዚህ ነው ማንበብ መቻል የሚጠቅመው።»

ጾመኛዋ አንገቷን ደፍታ «አስተናጋጁን ብንጠይቀው ምናለበት? በሥጋ የሚል አይጠፋም» አለች። እሷ ሌላው ሁሉ አያሳስባትም፤ ዘጠኝ ሰዓትን ነው የምታስበው።

«ጣልያን ቤት ገብቶ የሚጠይቅ ገጠሬ ነው» አላት፣ ያውም በሹክሹክታ። አስተናጋጁ እርሳሱን ይዞ ከጀርባው ቆሟል። አረቡንም በጉንም ቅቤውንም ሰምቷል። «ሦስት አራቢያታ» ስንለው ከንፈሩን ገጠም አድርጎ ጻፈ፤ ያን ከንፈር መቼም አልረሳው።

እስኪመጣ ድረስ ባለጋራዡ ሹካ እንዴት እንደሚያዝ አስተማረን። ጾመኛዋ ሆዷ ሲጮህ እየተሰማ ፈገግ ትላለች። «ለእማዬ በበግ ፈሰክሁ እላታለሁ» አለች። «ካሰበችው በላይ ሆነ። ዶሮ ነበር እኮ የጠበቀችው።» ደስታዋን ሳይ እኔም ለባለጋራዡ ልቤ ትንሽ ራራ። ትንሽ ብቻ።

ሳህኖቹ መጡ፤ ቀይ፣ የሚያበራ፣ ሽታው ነፍስ የሚያስት። አስተናጋጁ ተከትሎ በትንሽ ሳህን የተፈቀፈቀ አይብ ይዞ መጣ። «ፎርማጆ?» አለና ማንኪያውን ወደ ጾመኛዋ ሳህን ዘረጋ።

ልጅቷ ሳህኗን በመዳፏ ከደነችው። «የለም ወንድሜ፣ ጾም ነኝ» አለችው።

የሁዳዴ ልማድ ነው፤ እጇ ከአእምሮዋ ቀደመ። ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። አስተናጋጁ በየትኛው አቆጣጠር እንደምትጾም ሊጠይቃት አስቦ የተወው ይመስለኛል። እሷ ያለችው ነገር ሲገባት ፊቷ ከስጎው ብሶ ቀላ። በዚህ ጊዜ አፏን ከፍታ «ይቅርታ፣ አድርግልኝ» ብትል ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ባለቀ። ግን ባለጋራዡ ሊያድናት ዘሎ ገባ።

«ትክክል ናት» አለ ደረቱን ነፍቶ። «አራቢያታ ላይ ፎርማጆ አይደረግም። ለሦስታችንም አይደረግ።»

አስተናጋጁ «እንዳሉት ጌታዬ» አለ። ጌታዬ አለው እኮ። አይቡን ይዞ ሄዶ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ለሕፃናቱ ሙልጭ አድርጎ ገለበጠላቸው። አንደኛው ሕፃን «አልፈልግም» እያለ በሹካ ወደ ወለሉ ይጠርገዋል።

እኛ ወደ በጉ ገባን። ጾመኛዋ አማትባ፣ «መጀመሪያ የምጎርሰው ሥጋውን ነው» ብላ ሹካዋን ሰደደች። ሥጋ የለም። እኔም የእኔን ገለበጥሁት፣ የለም።

«ከሥር ነው የሚሆነው» አለ ባለጋራዡ። «አረብ ሥጋውን ከሥር ነው የሚያደርገው።»

ከሥር ስንፈልግ የሳህኑ አበባ ወጣ። ከአበባው በቀር ምንም የለም። ባለጋራዡ አንድ የነጭ ሽንኩርት ቁራጭ አገኘና ለረጅም ጊዜ መረመረው። እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም፤ እጄን አንስቼ አስተናጋጁን ጠራሁት።

«ሥጋው የታለ?»

«የምን ሥጋ?»

«የአረቡ ነዋ።»

ይህን ጊዜ ነበር ሲጠብቅ የነበረው። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ለረጅሙም ጠረጴዛ በሚሰማ ድምፅ አስረዳን። አራቢያታ ከአረብ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ በጣልያንኛ የተቆጣ ማለት ነው። ሚጥሚጣው ስለሚያቃጥል ነው እንዲህ የተባለው። ሥጋ የለውም፣ ቅቤ የለውም፣ እንቁላል የለውም። «እንዲያውም» አለ ጎንበስ ብሎ፣ «ሁዳዴውን ሙሉ ለጾም ደንበኞቻችን ስናቀርብ የነበረው ይህንኑ ነው።»

«የተቆጣማ እኔ ነኝ» አልኩት። «ስናወራ እየሰማኸን ለምን አልነገርከንም?»

«ደንበኛ ሲያወራ መስማት ነውር ነው» አለኝ።

«እሺ አይቡን መልስልን።»

«አልቋል። ደግሞ ጌታዬ እንዳሉት አይደረግም።»

ባለጋራዡ ሹካውን እያየ ነው። ሌላ ነገር እንዳናዝ ያዋጣነው ሁሉ ለእነዚህ ሦስት የተቆጡ ሳህኖች ነበር፤ የተረፈን የስልክና ትንሽ የመንገድ ነው። ጾመኛዋ ሹካዋን አነሳችና የጾም ምሳዋን በፋሲካ ቀን፣ ነጭ ጠረጴዛ ላይ፣ ቀስ ብላ በላች። ሚጥሚጣው ነው መሰለኝ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ ባለጋራዡን ማነቅ አማረኝ፤ አስተናጋጁንም፣ አይቡን ወለል ላይ የሚጠርገውን ሕፃንም።

ወጥተን ከላንድክሩዘሩ ጀርባ ስንደርስ ግምገማ ጠራሁ። የዘመኑ ሰው ነኝና አሠራሩን አውቀዋለሁ።

«አጀንዳው አንድ ነው» አልኩ። «ሰውዬው ሂሱን ይዋጥ።»

«ዓላማዬ ጥሩ ነበር፣ ችግሩ አፈጻጸም ላይ ነው» አለ።

«አፈጻጸምህን ከነካምቢዮህ...»

«ተዉት» አለች ጾመኛዋ። «ስምንት ሰዓት አልፏል። እማዬ አሁን ነጠላዋን ለብሳ ወደ ጎረቤት ልትወጣ ነው።» ይህን ስትል ድምጿ ተሰበረ። ግምገማውን ጥለን መንገድ ጀመርን።

ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ሥጋ ቤቶቹ ሌሊቱን ሲሸጡ አድረው ተኝተዋል። ግቢ ብንመለስ ካርዳችን የለም፤ መንገድ ላይ ያገኘናቸው የጎን ዶርም ልጆችም ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ «በሬው እንዴት ይጣፍጥ ነበር መሰላችሁ» ብለው አለፉን። ክፍት የሚሆነው የሐይቁ ዳር ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ እንግዳ ሲባል ፋሲካም ቢሆን ዓሣ ይጠበሳል።

ዓሣ የሚለውን ቃል ማናችንም አልደፈርንም። እግራችን ግን ወደ አሞራ ገደል ሄደ። አባ ኮዳ የሚባሉት አሞራዎች ሰብሰብ ብለው የዓሣ ጭንቅላት ይጠብቃሉ። እኛም አጠገባቸው ቆምን። የመንገዳችንን ሰጥተን አንድ ጥብስ ዓሣ ከዳጣ ጋር ገዛን።

ጾመኛዋ ዓሣውን ይዛ አልበላችም። ባለጋራዡን አየችው።

«እንግዲህ ወስን» አለችው። «ሁዳዴውን ሙሉ ጎመን ነው ብለኸኛል። ጎመን ከሆነ እኔ አሁንም ጾም ነኝ፣ እናቴም ጾም ናት። ፍስክ ከሆነ ደግሞ አንተ ጾሙን በልተኸዋል። አንዱን ምረጥ።»

እሱ ወደ ሐይቁ አየ፣ ወደ አባ ኮዳዎቹ አየ። በሕይወቱ ክርክር ተረትቶ የሚያውቅ ልጅ አይደለም። ያን ቀን ግን ለእሷ ሲል ተረታ፤ እውነቱን ለመናገር ያኔ ነው መጀመሪያ የወደድኩት።

«ዓሣ ደም አለው» አለ ቀስ ብሎ። «አከርካሪ አለው። ሥጋ ነው። ግለሂሴን አውርጃለሁ፣ አሁን ብይ።»

«አንቺስ?» አለችኝ።

«እኔ ድሮም ፍስክ መሆኑን እያወቅሁ ነው የምበላው» አልኳት። አማተበችና ጎረሰች። ትልቅ ነገር የተቃለለ መስሎን ሦስታችንም መሳቅ ጀመርን፤ አከርካሪው ሲቀር ለአባ ኮዳው ወረወርነው።

ስልክ ቤቷ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ከአንድ ግቢ አጥር ጋር የተያያዘች ክፍል ናት። ባለቤቷ ጠና ያሉ የሲዳማ ሴት ናቸው፤ ጴንጤ ናቸው፣ ጠዋት ዘምረው መጥተው የበዓል ልብሳቸውን ሳያወልቁ ምሳቸውን ከፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። እኛን ያውቁናል። «ዛሬም እናት ጋ ነው?» አሉና ቁጥሩን ራሳቸው መቱ። ዘጠኝ ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ነበር የደረስነው፤ እናቲቱ ግን ከዚያም ቀድመዋል፤ ገና አንዴ ሲጠራ ነው ያነሱት።

«እንኳን አደረሰሽ» ሳይሉ ነው የጀመሩት።

«በምን ፈሰክሽ?»

ጾመኛዋ ፊቷ በራ። «በዓሣ፣ እማዬ። ጥብስ ዓሣ።»

የስልኩ ሂሳብ ቆጣሪ ብቻ ይጮሃል።

«ዓሣ?» አሉ እናቲቱ። «ዓሣማ ጾም አይደል እንዴ? እኛ ጣና ዳር ሁዳዴን በምን የምንጾመው መሰለሽ? አንቺስ በምን አደግሽ?»

ባለጋራዡን አላየሁትም፤ ሳላየውም ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ግቢ ጉባኤ ከገባች ወዲህ የያዘችውን አቋም ልጅቷ ለእናቷ ነግራቸው አታውቅም ነበር። አሁን ለማስረዳት ሞከረች፤ ደም አለው፣ አከርካሪ አለው አለች። የባለጋራዡን ግለሂስ ቃል በቃል ደገመችው። እናቲቱ አዳምጠው ጨረሱና «እሽ ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይቆጣ። «ምሳስ ምን በላሽ?»

«ጣልያን ቤት ፓስታ።»

«ሥጋ አለው?»

«የለውም።»

«ቅቤስ?»

«የለውም እማዬ።»

«ግድ የለም። እስኪ እስከ ማታ ፈልጊ። እኔ ምን ይቸግረኛል፣ ለምጃለሁ።» ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ እባክዎ እርስዎ ይቅመሱ፣ ሌሊቱን ቆመው አድረው» ስትል ይሰማል። ጾመኛዋ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት ሳይሆን እፍረት ነው፤ ይህን ሁሉ ያመጣሁት ለነጭ የጠረጴዛ ልብስ ብዬ ነው።

ባለስልኳ ሴትዮ እስካሁን ቆጣሪውን እያዩ ነበር። አሁን ወደ እኔ ዞሩ። «ምንድነው?» አሉኝ።

«ቅቤ የነካው እህል ካልበላች እናቷ አይበሉም፣ እትዬ» አልኳቸው። «ከሌሊት ጀምሮ እየጠበቋት ነው።»

ሴትዮዋ ሁለተኛ አልጠየቁም። ፊታቸው ያለው የሸክላ ገበታ ላይ ቡርሳሜ ነበር፤ ቆጮ በቅቤ የታሸ፣ ቅቤው ከዳር ዳር የሚንጠባጠብ። በእጃቸው ጠቅልለው ትልቅ ጉርሻ አበጁና ተነሱ። ልጅቷ ስልኩን ሳታስቀምጥ አፏ ላይ አደረሱላት።

«እናት ተራበች። ብይ» አሏት።

ጎረሰች። ቅቤው በአገጯ ወረደ።

«ምንድነው ዝም አልሽ?» አሉ እናቲቱ።

አፏ ስለሞላ ልትመልስ አልቻለችም። ስልኩን ነጥቄ «እየጎረሰች ነው እማማ» አልኳቸው። «ቆጮ በቅቤ። የስልክ ቤቷ ባለቤት ናቸው ያጎረሷት።»

«ብዙ ቅቤ አለው?»

«ክንዷ ድረስ ወርዷል።»

ስልኩን መለስኩላት። እናቲቱ «ዋጥሽ?» አሏት። «ዋጥሁ እማዬ።» ድጋሚ ሌላ ጉርሻ መጣ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ባለስልኳ ሁለተኛውን አከሉ፣ ለእኔና ለባለጋራዡም ሰጡን። ባለጋራዡ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው ያላመጠው።

«ምን ዓይነት አገር ነው የሄድሽው ልጄ» አሉ እናቲቱ። «ጣልያን ቤት ይጾማል፣ ስልክ ቤት ይፈሰካል? ለሴትዮዋ እግዜር ይስጥልኝ በያት። ለከርሞ ጣልያኑን ተይውና ቤትሽ ነይ። አሁን ቆይ፣ እንዳትዘጊው።»

ክዳን ሲነሳ ሰማን። ጎረቤቲቱ «ቀዝቅዟል፣ ላሙቀው» ስትል፣ እናቲቱ «ተይው» ሲሉ ሰማን። ባለስልኳ እጃቸውን ቆጣሪው ላይ አድርገው አጠፉት። ክፍሏ ውስጥ ያለነው ሁሉ አፋችንን ይዘን፣ ከጣና ዳር አንዲት ሴት ከሁዳዴ በኋላ የመጀመሪያ ጉርሻቸውን ሲያላምጡ አዳመጥን።

«ዋጥሁ» አሉ። «በይ ዝጊው፣ ብርሽ አለቀ።»